ልቡ ደክሟል የተባለ ሰው ይራመድ ወይስ ይተኛ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ትንፋሽ አጥሮት፣ እግሩ አብጦ ሆስፒታል ገባ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተሠርቶለት የልብ ድካም ነው፣ ልቡ የሚሠራው 30 ፐርሰንት ነው ተባልን። አሁን መድኃኒቱን በደንብ ይወስዳል፣ እብጠቱም ጠፍቷል። ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመድ ነግረውታል። እናቴ ግን ‹በ30 ፐርሰንት ልብ ምን ይራመዳል› ብላ ከአልጋ እንዳይነሳ ትጠብቀዋለች። ሽንት ቤት እንኳን ደግፋው ነው የምትወስደው። ማናቸው ናቸው ልክ? እንቅስቃሴ የደከመ ልብን ጭራሽ አይጨርሰውም? ደግሞ ልብን የሚያጠነክር አዲስ መድኃኒት ወጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከውጭ ብናስመጣለትስ?»

ሐኪሙ ልክ ናቸው። የአባትሽ እብጠት ከጠፋ፣ መድኃኒታቸው ከተስተካከለ፣ ቁጭ ብለው ትንፋሽ የማያጥራቸው ከሆነ መራመድ አለባቸው። ቢራመዱ አይጎዱም ማለቴ ብቻ አይደለም። መራመዱ ራሱ እንደ ክኒኑ የሕክምናው አካል ነው። አንድ ሁኔታ ብቻ አስቀድሞ መጣራት አለበት፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። «ሐኪም ብሏል» በሚል ብቻ እናትሽ አባትሽን የሚለቋቸው አይመስለኝም።

የእናትሽ ፍርሃት ከመሬት የተነሳ አይደለም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የልብ ሕመምተኛን ማስተኛት የታላላቅ ሐኪሞች ትእዛዝ ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታው ሰው እስከ ስድስት ሳምንት ከአልጋ አይወርድም ነበር። በ1952 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች፣ ሕመምተኞችን ከአልጋ አንስተው ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል አሳተሙ። ልብ በይ፣ ማስቀመጥ ነው ያሉት። ማስኬድ አይደለም። እሱም ቢሆን ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል።

አልጋ ራሱ ምን እንደሚያደርግ በደንብ የታየው በ1966 ዳላስ ውስጥ ነው። አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሱ ሰውነታቸው በከባድ ሥራ ላይ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች ተጠርተው እንደገና ተለኩ። በ50 ዓመታቸው አቅማቸው ቀንሷል። ግን ያኔ በሦስት ሳምንት መኝታ የቀነሰውን ያህል አልቀነሰም። ሦስት ሳምንት መተኛት 30 ዓመት ከማርጀት በላይ ጎዳቸው ማለት ነው፤ ያውም ጤነኛ ወጣቶችን። አባትሽ ደግሞ ስንት ወር እንደተኙ አስቢው።

አሁን ወደ 30 ፐርሰንቷ። ይህች ቁጥር ቤተሰብ ታስደነግጣለች። ሰው የሚሰማው «70 በመቶው ሞቷል» ብሎ ነው። እንደሱ አይደለም። ቁጥሩ ኢጀክሽን ፍራክሽን ይባላል። የግራው የልብ ክፍል ሞልቶ ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት ምን ያህሉን ገፍቶ ያስወጣል የሚለውን ነው የሚናገረው። ጤነኛ ልብም ሁሉንም አያስወጣም። ከ55 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው። የደከመ ልብ ብዙ ጊዜ ይሰፋል። እንበልና 200 ሚሊ ሊትር ይዞ 30 በመቶውን ቢያስወጣ 60 ሚሊ ሊትር ነው። ጤነኛው ደግሞ 120 ይዞ 60 በመቶውን ቢያስወጣ 72 ነው። ቁጭ ብለው ላሉ ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር አይደለም። የሰፋው ልብ ዋጋ አይከፍልም ማለት ግን አይደለም። ግድግዳው ላይ ጫና ይበዛበታል፣ ለአንድ ምት የሚያወጣው ጉልበትም ይጨምራል።

ደግሞ ኢኮ የሚታየው ሰውየው ጋደም ብሎ ነው። ይህ ቁጥር ደረጃ ሲወጡ ምን ያህል እንደሚችሉ አይናገርም። 25 በመቶ ይዞ ገበያ ደርሶ የሚመለስ አለ። 40 ይዞ ከክፍል ክፍል ሲሄድ የሚያለከልክም አለ። ለምን? መልሱ ግማሹ ልብ ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ ሰው በማያስበው ቦታ ነው።

ከልብ ልጀምር። እዚህ ጋ ትንሽ ልዘገይ ነው፤ የምወደው ክፍል ስለሆነ ታገሺኝ።

አንድ የልብ ጡንቻ ሕዋስ ወደ አንድ አስረኛ ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ውስጡ ሳርኮሜር በሚባሉ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ክፍል 2 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን በውስጡ ወፍራምና ቀጭን ክሮች ተሰድረዋል። ወፍራሙ ክር ማዮሲን ከሚባል ፕሮቲን፣ ቀጭኑ በዋናነት አክቲን ከሚባል የተሠራ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ክሮቹ አያጥሩም። አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ይህን በ1954 ሁለት ቡድኖች በአንድ የመጽሔት እትም ጎን ለጎን አወጡት። አንዱ የአንድሩ ሃክስሊና የሮልፍ ኒደርገርኬ፣ ሌላው የሂዩ ሃክስሊና የጂን ሃንሰን ነበር። ሁለቱ ሃክስሊዎች ዘመዳሞች አይደሉም፤ ተማሪ ሁሉ ይሳሳትበታል።

የማዮሲን ጭንቅላት አክቲኑን ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል። በ1994 የስታንፎርዱ የጄምስ ስፑዲች ቡድን አንድ የአክቲን ክር በሌዘር ብርሃን ወጥሮ ይዞ፣ አንዲት የማዮሲን ሞለኪውል ብቻዋን ስትስበው ለካ። ከአጥንት ጡንቻ የተወሰደ ማዮሲን ነበር። አንዱ ስበት 11 ናኖሜትር ገደማ ሆነ። ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ የልብ ምት ስፍር ቁጥር የሌላቸው እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ስበቶች ድምር ነው።

የሚገርመው ነገር ማዮሲን ኤቲፒ የሚያስፈልገው ለመያዝ ሳይሆን ለመልቀቅ ነው። ኤቲፒ የሕዋሱ የኃይል ምንጭ የሆነው ሞለኪውል ነው። እሱ ካልመጣ ማዮሲኑ አክቲኑን እንደያዘ ይቀራል። ሬሳ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ልብ በቀን በግምት 6 ኪሎ ኤቲፒ እየሠራ ያቃጥላል፤ የራሱን ክብደት 20 እጥፍ ያህል ማለት ነው። የሚያከማቸው ደግሞ ለጥቂት ምት የሚበቃውን ብቻ ነው።

«አሁን ያዙ» የሚለውን ምልክት የሚሰጠው ካልሲየም ነው። በእያንዳንዱ ምት በሕዋሱ ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ወደ 10 እጥፍ ይጨምራል፤ ክሮቹም ይያያዛሉ። ከዚያ ሰርካ የሚባል ፓምፕ ካልሲየሙን አንስቶ ወደ ማከማቻው ይመልሳል፤ ጡንቻውም ይላላል። በደከመ ልብ ይህ ፓምፕ ይቀንሳል። ሁለት ነገር ይከተላል። ካልሲየሙ ቶሎ ስለማይነሳ ልቡ ቶሎ አይላላም። ማከማቻው በደንብ ስለማይሞላ ደግሞ ቀጣዩ ምት ይዳከማል። ልብ ደም የሚሞላው ሲላላ ነው። የአባትሽ ልብ ችግር መጭመቅ ብቻ አይደለም፤ መላላትም ጭምር ነው።

እንቅስቃሴ እዚህ ጋ ይገባል? በአይጥ ላይ አዎ። ልባቸው ከተጎዳ በኋላ ሩጫ እንዲለማመዱ የተደረጉ አይጦች የልብ ሕዋሳቸው በተሻለ ይኮማተራል፣ ቶሎም ይላላል። የሰርካም መጠን ይሻሻላል። የሰውን የልብ ጡንቻ ግን እየቆረሱ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከውጭ በሚለካው እንረካለን። በ2000 የወጣ የላይፕሲግ ጥናት ልባቸው የደከመ 73 ወንዶችን ለስድስት ወር ተከታትሏል። ብስክሌት እንዲነዱ የተደረጉት ኢጀክሽን ፍራክሽናቸው በአማካይ ከ30 ወደ 35 በመቶ ወጣ። አምስት ነጥብ ናት። አባትሽ ሦስት ወር ተራምደው ኢኮው ላይ ያው 30 ቢመጣ «አልሠራም» ብላችሁ እንዳትተዉት ነው ይህን መንገሬ።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው እግር ላይ ነው።

የልብ ድካም ያለበት ሰው ጭኑ ይሟሽሻል። የቀረው ጡንቻም ይለወጣል። ኤቲፒ የሚሠሩት ማይቶኮንድሪያ ያንሳሉ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይቀንሳሉ፣ ቶሎ የሚዝለው ዓይነት ጡንቻ ይበዛል። ስለዚህ ልብ እንደምንም የላከውን ኦክስጅን እግር በደንብ አይጠቀምበትም። ይባስ ብሎ የተጨነቀ የእግር ጡንቻ በነርቭ በኩል ለአንጎል መልእክት ይልካል፤ አንጎልም ትንፋሽን ያፋጥናል፣ የደም ሥሮችን ያጠባል። ለልብ ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። አባትሽ ሲራመዱ የሚያጥራቸው ትንፋሽ ከፊሉ ከልብና ከሳንባ ሳይሆን ከጭናቸው የሚመጣ ነው። አልጋው ደግሞ ያንን ጭን በየቀኑ ያከሳዋል። እናትሽ በፍቅር የሚያደርጉት ነገር አባትሽን ይበልጥ ትንፋሽ የሚያሳጥራቸው በዚህ መንገድ ነው።

ደስ የሚለው፣ ይህ የሚመለስ ነው። ጡንቻ በ60 ዓመትም ይማራል። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በ2003 በታተመ ጥናት ለአራት ወር ልምምድ ያደረጉ የልብ ድካም ሕመምተኞች፣ ከልክ በላይ ሲጮህ የነበረው የጭንቀት ነርቫቸው ወደ ጤነኛ ሰው መጠን ወረደ። ነርቩ ሲረጋጋ የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ልብ ያው ልብ ነው፤ የሚገፋበት መንገድ ግን ቀለለለት።

«ዕድሜ ይጨምራል ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂኝ እውነቱን እነግርሻለሁ። ኤችኤፍ-አክሽን የተባለው ትልቅ ጥናት በ2009 ወጥቷል። ኢጀክሽን ፍራክሽናቸው 35 በመቶና ከዚያ በታች የሆነ 2,331 ሰዎች ነበሩበት። ልምምድ የታዘዘላቸውን ካልታዘዘላቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሞትና ሆስፒታል መተኛት አንድ ላይ ሲቆጠር በ7 በመቶ ቀነሰ፤ ይህ ግን በአጋጣሚም ሊሆን የሚችል ልዩነት ነበር። የሕመሙን ክብደት አስተካክለው ሲያሰሉት 11 በመቶ ሆነ፤ ያኔ አጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ጠበበ። አመርቂ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ የማነብበው በሌላ ዓይን ነው። አንደኛ፣ እንቅስቃሴው ሕመምተኞቹን አልጎዳቸውም፤ የእናትሽ ጥያቄ ይህ ነበር። ሁለተኛ፣ አቅማቸውና የዕለት ኑሯቸው ተሻሽሏል። ሦስተኛ፣ በሳምንት 120 ደቂቃ እንዲሠሩ ታቅዶ ብዙዎቹ ወራት ሲገፉ እየተዉት ሄደዋል። ያልተዋጠ መድኃኒት ደግሞ አይሠራም።

መድኃኒቱን ጠይቀሻል። ልብን በኃይል እንዲኮማተር የሚያደርግ ክኒን የሐኪሞች የቆየ ምኞት ነው። ሚልሪኖን የሚባለው በክኒን መልክ ተሞክሮ በ1991 ውጤቱ ሲወጣ፣ ሞትን በ28 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። የደከመችን በቅሎ በአለንጋ እንደመግረፍ ነው፤ ለጥቂት እርምጃ ትፈጥናለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። በተቃራኒው ልብን የሚያረጋጉት ቤታ ብሎከሮች፣ ድሮ ለደከመ ልብ መርዝ ናቸው ይባሉ የነበሩት፣ በ1999 በታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሞትን በ34 በመቶ ቀንሰዋል። አባትሽ ካርቪዲሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቶቹ የዚህ ወገን ናቸው።

አዲስ የተባለው ኦሜካምቲቭ ሜካርቢል ይመስለኛል። እሱ ካልሲየሙን አይነካም፤ በቀጥታ ማዮሲንን ነው የሚያነቃው። በማንኛውም ጊዜ ከማዮሲን ጭንቅላቶች ከፊሎቹ ታጥፈው ያርፋሉ። ይህ መድኃኒት አክቲኑን የሚይዙትን ጭንቅላቶች ቁጥር ይጨምራል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ከ8,200 በላይ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ የልብ ድካም መባባስንና በልብና በደም ሥር ሕመም መሞትን በአንድ ላይ በ8 በመቶ ብቻ ቀነሰ። ሞቱን ለብቻው ግን አልቀነሰም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2023 ፈቃድ ከለከለው። ማቫካምተን የሚባል ሌላም አለ፤ በ2022 ተፈቅዷል። እሱ ግን ማዮሲንን የሚያሳርፍ ነው። የተፈቀደው የልብ ጡንቻ በውርስ ወፍሮ የደም መውጫን ለሚዘጋበት ሰው ነው። ለአባትሽ ልብ ጎጂ ነው። ዘመድ በሻንጣ ቢያመጣላችሁ እንኳን እንዳትሰጧቸው።

እንግዲህ እንዴት ይጀምሩ?

የመጀመሪያው ሳምንት ግቢ ውስጥ፣ ሜዳ ቦታ ላይ ይሁን። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ መጨመር። መድረሻው ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዝግ ያሉ ይሁኑ፤ ድንገት ጀምሮ ድንገት መቆም ጥሩ አይደለም። አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ኦክስጅኑ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል። ለለመደ ሰው ከፍታው ራሱ ችግር አይደለም። ዳገቱ ግን ነው። መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ ሲመለሱ ዳገት የሚጠብቅ መንገድ አትምረጡ። ምግብ በልተው ወዲያው፣ ወይም ላሲክስ (ውኃ የሚያስወጣውን ክኒን) ውጠው ሽንት በሚያመላልስበት ሰዓት አይውጡ። የሚጾሙ ከሆነ ሳይበሉ ሳይጠጡ በሚውሉበት ሰዓትም እንዲሁ።

ፍጥነቱን በልብ ምት አትለኩት። «ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ» የሚባለው ቀመር ቤታ ብሎከር ለሚወስድ ሰው አይሠራም፤ መድኃኒቱ ምቱን ይይዘዋል። ወሬ ይበልጣል። እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት መቻል አለባቸው። ዘፈን መዝፈን ከቻሉ ቀስ ብለዋል። ቃል በቃል ካቆራረጡ ፈጥነዋል። እናትሽ አብረዋቸው ይሂዱ፤ ማውራት ላይ የሚያንሱ አይመስለኝም፣ ፍርሃታቸውም በዚያው ይለቃል።

እድገታቸውን ማየት ከፈለጋችሁ እኛ የምናደርገውን አድርጉ። ክሊኒክ ውስጥ 30 ሜትር የሆነ ኮሪደር ጫፍና ጫፉ ላይ ምልክት እናደርጋለን። ሕመምተኛው ስድስት ደቂቃ ሙሉ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ሲደክመው ግድግዳ ተደግፎ ማረፍ ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። «ቶሎ በል» ብሎ መጮህ ክልክል ነው። በየደቂቃው በረጋ ድምፅ «ጥሩ እየሄዱ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይቀራል» ይባላል፣ ያ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሜትሩ ይደመራል። ከ300 በታች ከሆነ አቅሙ በጣም ዝቅ ብሏል እንላለን። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 30 ሜትር ከተጨመረ ሰውየው ለውጡን በኑሮው ያውቀዋል። ግቢያችሁ ጠባብ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ሁልጊዜ ያው ቦታ ይሁን እንጂ። ደብተር ላይ ጻፉት። ለቀጠሮ ስትሄዱ ከኢኮው ወረቀት ጋር ለሐኪሙ አሳዩ።

ለጭናቸው ደግሞ ወንበር ይበቃል። እጅ ሳያስደግፉ ተነስቶ መቀመጥ፣ ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ሲነሱ ትንፋሽ ማውጣት እንጂ አምቆ መያዝ የለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ግን ይቅር፤ ትንፋሽ አምቆ ከባድ ነገር ማንሳት የደም ግፊቱን በአንዴ ይሰቅለዋል።

የማይራመዱባቸው ቀኖች አሉ። ጠዋት ጠዋት ሽንት ሸንተው፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውኃ ነው፤ ልምምዱ ቆሞ ሐኪሙ ጋ ይደወላል። እግር እንደገና ካበጠ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረት ከጨመደዳቸው ወይም ራሳቸውን ሊስቱ ከደረሱም እንደዚያው። የደረት ሕመሙ ከቀጠለ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ መደወል ሳይሆን ሆስፒታል መውሰድ ነው።

አስቀድሞ ይጣራ ያልኩት ነገር ይኸውልሽ። በእኛ አገር ለልብ ድካም አንዱ ትልቅ ምክንያት በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሪውማቲክ ልብ ነው። እሱ የልብን ቫልቭ ያጠባል። የግራው ማይትራል ቫልቭ በጣም የጠበበ ከሆነ፣ ልብ በፈጠነ ቁጥር ደሙ ለማለፍ ጊዜ ያጣና ወደ ሳንባ ይመለሳል። እንዲህ ላለ ሰው መድኃኒቱ ቫልቩን ማስከፈት ወይም ማስቀየር ነው፤ እግር ጉዞ አይደለም። የኢኮው ወረቀት ላይ «ሲቪር ማይትራል ስቴኖሲስ» ወይም «ሲቪር ኤኦርቲክ ስቴኖሲስ» (ሁለቱም ከባድ የቫልቭ መጥበብ ማለት ናቸው) የሚል ካለ ልምምዱን ሳትጀምሩ ሐኪሙን ጠይቁ። ሐኪሙ ኢኮውን አይተው ተራመዱ ካሉ ግን ይህን አስበውበታል ማለት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ብዙ ቤት ስለሚሠራ። ወራት የተኛ ሰው መራመድ ሲጀምር ጉልበቱን ያመዋል። ልጆች ሮጠው ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይገዛሉ። እነዚህ ውኃና ጨው ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ ከላሲክስና ኢናላፕሪል ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር ሲሆኑ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። በሳምንቱ እግር ያብጣል። ከዚያ «ይኸው፣ መራመዱ ነው ያሳበጠው» ይባልና አባት ወደ አልጋ ይመለሳሉ። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ሌላ ማስታገሻ የሚያስፈልግ ከሆነ ፋርማሲስቱ ከመስጠቱ በፊት የልብ ድካም እንዳለባቸው ንገሩት።